ገመድ አልባ የመኪና አዳፕተር፦ ወድጄዋለሁ፣ ግን ገመዱን አልጣልኩም

የመኪናዬ ስክሪን አንድሮይድ አውቶን፣ ማለትም የስልክን ካርታና ሙዚቃ መኪናው ስክሪን ላይ የሚያወጣውን አፕ፣ የሚቀበለው በዩኤስቢ ገመድ ብቻ ነው። ገመዱ ደግሞ መኪናው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ይቋረጣል። ካርታው ድርግም ብሎ ይጠፋና መታጠፊያውን ካለፍኩ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። መሪ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር አደገኛ ነው። ለዚህ ነው ገመድ አልባውን አዳፕተር የገዛሁት።

ዕቃው የክብሪት ሳጥን ያህላል። ዩኤስቢው ላይ ሲሰካ መኪናው በገመድ የተሰካ ስልክ ያገኘ ይመስለዋል። ስልኩ ግን ከአዳፕተሩ ጋር መጀመሪያ በብሉቱዝ ይተዋወቃል፤ ከዚያ ካርታውም ሙዚቃውም በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ያልፋል። ይህን ማወቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ብሉቱዙ «ተገናኝቷል» እያለ ስክሪኑ ባዶ ከሆነ፣ ብሉቱዙን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ዋጋ የለውም። መታየት ያለበት ዋይፋዩ ነው።

እኔ ስልክ ላይ ችግሩ ቪፒኤን (የስልኩን ኢንተርኔት በሌላ መንገድ የሚያዞር አፕ) ሆኖ ተገኘ። ሳጠፋው ስክሪኑ ወዲያው መጣ። አሁን በቪፒኤኑ ሴቲንግ ውስጥ አንድሮይድ አውቶን ነጥዬ ስላስወጣሁት ሁለቱም ይሠራሉ። ከዚህ ሌላ ባትሪ ቆጣቢውን ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ስልክ ከጀርባ የሚሠራ አፕ እያነቀ ያቋርጠዋል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ትውውቁን ከሁለቱም ወገን መሰረዝ ነው። ስልኩ ላይ አዳፕተሩን፣ መኪናው ላይ ስልኩን። በአንድ በኩል ብቻ ሲሰረዝ የቀረው አሮጌ መረጃ አዲሱን ትውውቅ ያበላሻል። አንድሮይድ አውቶ ውስጥ ደግሞ ከዚህ በፊት የተገናኙ መኪኖች ዝርዝር አለ፤ እሱንም አጽዱት። አይፎን የያዛችሁ ሲሪ፣ በድምፅ የምትታዘዘው የአይፎን ረዳት፣ አለመጥፋቷን ተመልከቱ፤ እሷ ከጠፋች ካርፕሌይ (የአይፎኑ አንድሮይድ አውቶ) አይነሳም።

የማልወድለት ነገር አለ። ሞተር ካስነሳሁ በኋላ ለመነሳት ጊዜ ይወስዳል። ዘፈን ስቀይር ድምፁ ትንሽ ይዘገያል። ባለቤቴ አብሮኝ ሲሆን አዳፕተሩ አንዳንዴ የእሱን ስልክ ቀድሞ ይይዛል፤ እሱ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ካርታ ከፍቶ እንደሆነ እንኳ አያውቅም! ስልኩም ይሞቃል፣ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ሩቅ ስሄድ ዛሬም ገመድ እሰካለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ከ1 ሜትር ያልበለጠ ጥሩ የዳታ ገመድ ተውሳችሁ ስልካችሁን ከመኪናው ጋር አገናኙ። ብዙ ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ዳታ የሚያሳልፈው ሽቦ ውስጡ የለም። የስልኩን የቻርጀር ቀዳዳም በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ የኪስ ብናኝ እዚያ ተጠቅጥቆ ገመዱን በደንብ አያስገባም። በዚህ ከተስተካከለ አዳፕተር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። በጥሩ ገመድም ጨርሶ ካልተገናኘ ግን አዳፕተሩም አያገናኘውም፤ መኪናው ራሱ የሌለውን አንድሮይድ አውቶ ወይም ካርፕሌይ ሊሰጠው አይችልም። ገመዱ ሠርቶ እናንተ ሽቦው ብቻ ከሰለቻችሁ ግዙት። ሻጩ ካልሠራ የሚመልስላችሁ ይሁን፤ አንድ መኪና ላይ ሸጋ የሆነው ሌላው ላይ እምቢ ይላል።