ምጣድ ስር የከረመው አርዱይኖ

ቦርዱ የአርዱይኖ ኡኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ኮፒ ነው፤ አዳማ ከአንድ ትንሽ ሱቅ ገዛሁት። የእናቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት እንዲቆጣጠር ከምጣዱ ስር ባለው ሳጥን ውስጥ ገጠምኩት። ስንፍና ነው፤ ሽቦ ማስረዘም ደብሮኝ። የቦርዱ አንጎል የሆነው ኤቲሜጋ 328ፒ ቺፕ የተሠራው እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት እንዲችል ነው። ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩት ሴንሰር ግን አሥረኛው እንጀራ ላይ 97 አነበበ። ቺፑ ንቅንቅ አላለም! ቀድሞ እጅ የሰጠው ቮልቴጁን ወደ 5 የሚያወርደው ሬጉሌተር ነው፤ በ12 ቮልት ስለምመግበው የራሱም ግለት ተጨመረበት። የቦርዱ መብራት ድርግም አለች፣ ሲበርድ ተመልሳ በራች። እናቴ «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ከእኔ ቀድሞ ደከመው» አለችኝ። አሁን በ5 ቮልት ቻርጀር ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለዋጋው ጎበዝ ቦርድ ነው። ካፓሲተሮቹን (ቻርጅ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ክፍሎች) ግን አላምናቸውም፤ የአንዱ አናት አበጥ ብሏል።