ኮምፓክት ሲገመገም፦ ለማኅበራችሁ ይሆናል ወይ?

መንግሥት «ሽብርን ለመከላከል» ብሎ ለማኅበራት ገንዘብ ሲያቀርብ፣ ከገንዘቡ መጠን በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፦ በስብሰባው ላይ ማን ምን እንዳለ የሚያውቀው ማን ነው? የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ኮምፓክት የተባለው ለማኅበራት የሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ ፕሮግራም ለዚህ ጥያቄ ከብዙ አቻዎቹ የተሻለ መልስ አለው። አንጀት የሚያሳርረው የማመልከቻው ወረቀት ነው።

መነሻው ሁለት ጥቃቶች ናቸው። በዲሴምበር 2014 ሲድኒ ማርቲን ፕሌስ በሚገኘው ሊንት ካፌ 18 ሰዎች ታግተው ሁለቱ ሞቱ። በኦክቶበር 2015 ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ ፓራማታ በሚገኘው የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ አንድ የፖሊስ ሲቪል ሠራተኛ ተኩሶ ገደለ። ገዳዩ ገና ተማሪ መሆኑ ነገሩ የፖሊስ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ አሳየ። በቀጣዩ ወር የግዛቱ መንግሥት የ47 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ አደረገ። ከዚህ ውስጥ 8 ሚሊዮኑ በአራት ዓመት ለኮምፓክት እንዲውል ተመደበ።

ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው መልቲካልቸራል ኤንኤስደብሊው የተባለው የመድብለ ባህል መሥሪያ ቤት እንጂ ፖሊስ አይደለም። ገንዘቡም ለአንድ ሃይማኖት ወይም ለአንድ ብሔር ተለይቶ አይሰጥም። የወጣት ድርጅቶች፣ የእምነት ተቋማት፣ የስፖርት ማኅበራትና ትምህርት ቤቶች ተጣምረው በወጣቶች ላይ እንዲሠሩ ነው የሚፈለገው። ተጠርጣሪ መለየትም ሆነ ጽንፍ የያዘን ሰው መመለስ የፕሮጀክቱ ሥራ አይደለም። ልጁ ወይም ጓደኛው ወደ ጽንፈኝነት ማዘንበሉ ያሳሰበው ሰው በ2017 የተጀመረው ስቴፕ ቱጌዘር የተባለ የስልክና የኢንተርኔት የምክር አገልግሎት አለው። አጠራጣሪ ነገር ያየ በ1800 123 400 ወደ ብሔራዊ ደኅንነት መስመር ይደውላል። አደጋው አፍጦ ከመጣ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 000 ነው። በእኛ ግምት የፕሮግራሙ ትልቁ ጥንካሬ ይህ የሥራ ክፍፍል ነው። አሠልጣኝ መረጃ አቀባይ ነው ተብሎ ከተጠረጠረ፣ በነጋታው ሜዳው ላይ ማንም አይገኝም።

ክፍፍሉ ሲጠፋ የሚሆነው እንግሊዝ ውስጥ ታይቷል። ፕሪቬንት የተባለው የመንግሥት ፀረ ጽንፈኝነት ፕሮግራም ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለየአካባቢው ይከፋፈል የነበረው በሙስሊም ነዋሪዎች ቁጥር ነበር፤ ማለትም አንድ ሕዝብ በጅምላ ተጠረጠረ። በ2010 በርሚንግሃም ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ከ200 በላይ ካሜራዎች ተተከሉ። ነዋሪው ለተራ ወንጀል መከላከያ መስሎት ሳለ ወጪው ከፀረ ሽብር በጀት መሆኑ ሲጋለጥ ቁጣ ተነሣ፤ ካሜራዎቹም ተነቀሉ። አሜሪካም በ2017 በሚኒያፖሊስ የሚሠራ አንድ የሶማሌ ወጣቶች ድርጅት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድጋፍ አልፈልግም ብሏል። ያን ያህል ገንዘብ የሚያስመልስ አለመተማመን በማስታወቂያ አይጠገንም።

ወደ ኮምፓክት እንመለስና፣ ምን ዓይነት ፕሮጀክት ያዋጣል? የአንድ ቀን ምግብና ጭፈራ አያዋጣም። ፎቶው ያምራል፤ የሚመጡት ግን ቀድሞም የተግባቡት ናቸው። የተለያዩ ወገኖች መገናኘት ጥላቻን ይበልጥ የሚቀንሰው አራት ሁኔታዎች ሲሟሉ መሆኑን የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ጥናት ካመለከተ ቆይቷል፦ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ትብብር፣ የኃላፊዎች ድጋፍ። በተግባር ሲተረጎም ከሁለት ወይም ከሦስት ማኅበረሰብ የተውጣጡ ከ15 እስከ 20 ወጣቶች፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ቢያንስ ለአሥር ሳምንት፣ በሁለት አስተባባሪዎች፣ መጨረሻው የሚታይ ሥራ ይዘው ማለት ነው፤ አጭር ፊልም ይሁን የእግር ኳስ ውድድር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ስለ ሽብር አይወራ። በራሪ ወረቀቱ ላይም ቃሉ አይጻፍ፤ ወላጅ ቃሉን ካየ ልጁን አይልክም። ለወላጆች ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በግልጽ ይነገር። ከበርሚንግሃም የምንማረው ድብብቆሽ ዕድሜ እንደሌለው ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በግዛቱ ሕግ ማኅበር ለመመዝገብ ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ። ኤቢኤን የተባለው የንግድ መለያ ቁጥርና ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚሆን መድን መኖር አለባቸው። ከልጆች ጋር የሚሠሩ አዋቂዎች ለልጆች ደኅንነት ሲባል የሚደረግ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ፈቃድ ያወጣሉ፤ ለበጎ ፈቃደኛ ነፃ ነው፣ የሚያገለግለውም አምስት ዓመት ነው። ምዝገባውን፣ ኤቢኤኑን ወይም መድኑን ያላሟላ ማኅበር በትልቅ ድርጅት ጥላ ሥር ሊያመለክት ይችላል። ብዙዎች የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነው፤ ጥላ የሆነው ድርጅት ለአስተዳደር እያለ ይቆርጣል፣ ሪፖርቱም በስሙ ይወጣል። ስለዚህ ተቆራጩ ስንት እንደሆነና የተሳታፊዎች ዝርዝር የማን ንብረት እንደሆነ ከማመልከቻው በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። በዝርዝሩ ላይም ዕድሜና የሰፈር ፖስታ ቁጥር ይበቃል፤ ሃይማኖትና የቪዛ ዓይነት ምን ያደርጋል?

ማመልከቻው በእንግሊዝኛ መሆኑ ሌላው እንቅፋት ነው። በ131 450 የሚገኘው የአስተርጓሚ አገልግሎት በስልክ ያግዛል እንጂ ማመልከቻ አይጽፍም። በዚህ የተነሣ ገንዘቡ ጥሩ ጸሐፊ ወዳለው ያደላል፤ ወጣቱን በስሙ የሚያውቀው ትንሽ ማኅበር ደጅ ይቀራል። በጀት ስታወጡ ደግሞ የትራንስፖርት፣ የአስተርጓሚና የአስተባባሪ ክፍያ አትርሱ። ሁሉንም በበጎ ፈቃድ እንሠራዋለን ያለ ቡድን መሐል ላይ ይደክመዋል፤ ማወራረጃ ሪፖርቱም ሳይጻፍ ይከርማል።

የሚቀረን ቅሬታ ስለ ወሰኑ ነው። በማርች 2019 በኒው ዚላንዷ ክራይስትቸርች ከተማ ውስጥ 51 ሙስሊሞችን የገደለው ሰው ያደገው በዚችው ግዛት፣ ግራፍተን በምትባል የገጠር ከተማ ነው። የስደተኛ ሰፈሮችን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ይህን መሰሉን ሰው መቼም አያገኘውም። የክልል ከተሞች ክለቦች አጋር ሲሆኑ የማመልከቻው ሚዛን ከፍ ቢል ይገባል።

ፈተናው የሚመጣውም ባልታሰበ ማታ ነው። በኤፕሪል 15 ቀን 2024 ዌክሊ በተባለው የሲድኒ ሰፈር በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን፣ በቀጥታ እየተላለፈ በነበረ ስብከት ላይ አንድ ጳጳስ በስለት ተወጉ። ቪዲዮው ወዲያው ተሰራጨ፤ ሕዝቡ ወደ ስፍራው ጎረፈ፤ በረብሻው ብዙ ፖሊሶች ተጎዱ። እንዲህ ባለ ሰዓት አዲስ ኮሚቴ አይቋቋምም። የሚሠራው ቀድሞ የተስማማችሁበት የስልክ ዝርዝር ነው፦ ማን ለየትኛው ካህን ወይም ኢማም ይደውላል፣ ወጣቶቹ ባሉበት የመልእክት ቡድን ውስጥ ወሬውን የሚያጣራ ማን ነው፣ እሱ ካልተገኘ ተተኪው ማን ነው። ዝርዝሩን በየሦስት ወሩ እየደወላችሁ ፈትሹ፤ ስልክ ቁጥር ይለወጣል።

ከላይ የተዘረዘሩት ወረቀቶች በሙሉ፣ አንድ ደመወዝተኛ አስተባባሪና ከሌላ ማኅበረሰብ የሆነ የምታምኑት አጋር ካላችሁ አመልክቱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በዚህ ዙር የሌላ ድርጅት አጋር ሆናችሁ ግቡ፤ ከላይ ያልነውን የጽሑፍ ስምምነት ግን ሳትፈርሙ አይሆንም።