ለሲስተር ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ቤታችሁ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ካለ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አንዲት ነርስ ልጠቁማችሁ ነው። ስሟን በአደባባይ እንድጽፈው ስላልፈለገች "ሲስተር" እያልኩ እቀጥላለሁ።

የተዋወቅነው በኮሮና ጊዜ ነው። ሚያዝያ 2012 ከዱባይ የተመለስን ሴቶች አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባን። ያኔ ከውጭ የመጣ ሁሉ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ መቆየት ግዴታው ነበር። አቅም ያለው ከፍሎ ሆቴል ይይዛል፤ ለእኛ የተማሪዎች ዶርም ደረሰን። ሰው ይፈራን ነበር። "በሽታ ይዘው መጡ" ይባላል። ምግብ የሚያመጣልን ልጅ ፌስታሉን በር ላይ አስቀምጦ ይሮጣል። አልፈርድበትም፤ በሽታው አዲስ ነው፣ ክትባትም ገና አልነበረም።

ሲስተር ግን አትሮጥም። ጠዋትና ማታ ሙቀት ልትለካን ስትመጣ ከእግር እስከ ራሷ ተሸፍና ስለሆነ ፊቷ አይታይም። ለዚህ ብላ ስሟን ጋውኗ ላይ በማርከር ትጽፋለች። "ማን እንደሚያክማችሁ ማወቅ አለባችሁ" ትለን ነበር። መሣሪያውን ግንባራችን ላይ ከመደገኗ በፊት በስማችን ጠርታ እንዴት እንዳደርን ትጠይቃለች። ውጤቱንም ወረቀቷ ላይ ጽፋ ዝም ብላ አትሄድም፤ ለእኛው ትነግረናለች።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር፤ እዚያው ዋልን። በዚያው ሳምንት ረመዳን ገባ። ክፍላችን ውስጥ ከወሎ የሄዱ ሙስሊም እህቶች ነበሩ። ራት የሚመጣው ገና በጊዜ ስለሆነ እስኪያፈጥሩ ይቀዘቅዛል፤ ለሱሁር ደግሞ ምንም የለም። ማንም ሳይነግራት ሲስተር ራሷ አየችው። ወጥ ቤቱን አነጋግራ የጾመኞቹ ራት ዘግየት ብሎ፣ ከቴምርና ለሌሊት ከሚሆን ዳቦ ጋር እንዲመጣ አደረገች። ይህ የእሷ ሥራ አልነበረም።

ከአልጋዬ ፊት ለፊት የምትተኛ አንዲት ልጅ ነበረች። አሠሪዎቿ ደሞዟን ሳይሰጧት ነው የተመለሰችው። ሌሊት ታለቅሳለች፤ ቀን ከማንም ጋር አታወራም። "አይዞሽ፣ ያልፋል" እያልኩ ላጽናናት ስሞክር ሲስተር ሰማችኝ። ኋላ ኮሪደር ላይ ጠርታ "እህቴ፣ ምክር አሁን አይገባላትም። ዝም ብለሽ አብረሻት ሁኚ። ስታወራ ስሚያት፣ በቃ" አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። አንድ ማታ ልጅቷ ራሷ ጀመረች። እናቷ ጋ ትታው ስለሄደችው ልጇ፣ ባዶ እጇን ዓይኑን ማየት እንዴት እንደከበዳት እያወራች ነጋልን። እኔም ለዓመታት ለሰው ያልተነፈስኩትን ነገርኳት። አረብ አገር ስትሄጂ "በሰው ጉዳይ እንዳትገቢ" ተብለሽ ነው የምትሸኚው። እኔም በዚያ ነው የኖርኩት። ያዘነ ሰው አጠገብ ሳልቸኩል መቀመጥን የተማርኩት ከሲስተር ነው፤ ዛሬም ከሰው ጋር ያለኝ ነገር ሁሉ በዚያ ተቀይሯል።

ወደ ጥቆማው ልምጣ። እናቴን ስትሮክ ሲመታት ፈልጌ ያገኘሁት እሷን ነው። አሁን ቤት ለቤት እየሄደች ታስታምማለች። እናቴን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣታለች፤ ጀርባዋ አንድም ቀን አልቆሰለም። ከመንካቷ በፊት ደግሞ "እማማ፣ አሁን በቀኝ በኩል ላዞርዎት ነው" ትላለች። እናቴ ያኔ መልስ መስጠት አትችልም ነበር፤ ሲስተር ግን ሳትነግራት ነክታት አታውቅም። ግፊቷንና የወሰደችውን መድኃኒት ደብተር ላይ ትመዘግባለች። ቀጠሮ ስንሄድ ዶክተሩ መጀመሪያ የጠየቀን ያንን ደብተር ነው። ለእኛም ምግብ ስንሰጣት ትን እንዳይላት ቀና አድርገን፣ በትንሽ በትንሹ መሆን እንዳለበት አሳየችን።

ሐኪም ያላዘዘውን ግሉኮስ "ስቀይልን" ብትሏት እሺ አትልም። ቅር አይበላችሁ። ዋጋዋን ገና ስትጀምር ትነግራችኋለች፤ ኋላ የሚጨመር ነገር የለም። በአንድ ጊዜ ብዙ ታማሚ ስለማትይዝ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል።

ሲስተርዬ፣ ስለ እናቴም፣ ስለዚያ ዶርምም እግዜር ይስጥልኝ።

የምትሠራው ከመገናኛ እስከ አያት ባለው አካባቢ ነው። የምትፈልጉ ሰፈራችሁንና የታማሚውን ሁኔታ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ።