ጃዝ ጊታር መማር ለምትፈልጉ ጥቆማ፣ ለመምህሬም ምስጋና

አዲስ አበባ ውስጥ ጃዝ ጊታር የሚያስተምር ሰው እየፈለጋችሁ ከሆነ ይቺን አንብቡልኝ። ሳር ቤት አካባቢ ቤታቸው ውስጥ የሚያስተምሩ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አይወዱም። እኔ ግን ሳላመሰግናቸው ማለፍ አልቻልኩም።

ስኬል (የኖታዎች ቅደም ተከተል) ከኢንተርኔትም ይገኛል። ጋሼ የሚያስተምሩት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ሲቀየር መስማትን ነው። እኔን ያስጀመሩኝ ጆሮዬ ከሚያውቀው፣ ከትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው፤ ኖታዎቹም፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። እሳቸው ዲ ማይነር ሰቨን፣ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን የሚባሉትን ሦስት ኮርዶች እያዞሩ ይመታሉ። እኔ በአምስቱ ኖታ ብቻ ሶሎ (በኮርዶቹ ላይ የብቻ ዜማ) እጫወታለሁ። ያምራል፣ የሚጎረብጥ ነገር የለውም። ግን ወዴትም አይሄድም። ለምን? ኤፍ እና ቢ የሉበትማ! ጂ ሰቨንን ወደ ሲ የሚገፋው የእነዚህ የሁለቱ ውጥረት ነው።

«በል አሁን ጂ ሰቨን ላይ ኤፍን ንካና ኮርዱ ሲዞር ወደ ኢ አውርዳት» አሉኝ። አንድ ፍሬት፣ የጊታር አንገት ላይ አንዲት እርምጃ ናት እኮ! እሳቸው መምታት ሲያቆሙ እንኳ የኮርዱ ለውጥ ከአንዲት ክር ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ የምሰማበት ጆሮ ተቀይሯል።

ሌላው የምወድላቸው ነገር ጊታሩን አስቀምጠው ማዘፈናቸው ነው። ሶሎህን መጀመሪያ በአፍህ ታዜመዋለህ፣ ከዚያ ጣትህ ይፈልገዋል። የቤት ሥራው ደግሞ ማዳመጥ ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. የቤኒ ጉድማንን የጃዝ ቡድን ከተቀላቀለው ከጊታሪስቱ ከቻርሊ ክሪስቲያን ይጀምራሉ፤ ሶሎው ውስጥ ኮርዶቹ ቁልጭ ብለው ስለሚሰሙ። በአውራ ጣቱ ይመታ የነበረው ጊታሪስት ዌስ ሞንትጎመሪ ቆይቶ ይመጣል። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር እንዴት እንዳዋሃደም አብረን ሰምተናል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ጋሼ ኮርድ መደራረብ አይወዱም፣ ቅኝቱን ይውጠዋል ባይ ናቸው። እኔም እስማማለሁ።

ለሠርግ ሁለት ሦስት ዘፈን ቶሎ መያዝ ለሚፈልግ ሰው አልጠቁማቸውም፤ አይቸኩሉም። መሠረታዊ ኮርዶችን ለሚያውቅና ትዕግሥት ላለው ግን ከእሳቸው የተሻለ አላየሁም። ኤሌክትሪክ ጊታር የግድ አይደለም፣ የራሳችሁን ጊታር ግን ይዛችሁ ሂዱ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።