የሳቲን ጠርዝ ለብርድ ልብስ፦ ለባና ያዋጣል፣ ለጥጡ ግን አይሆንም

ደሴ ላይ የስፌት ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች በሜትር እየተለካ የሚገዛው የሳቲን ጥብጣብ ለባና (ለሱፍ ብርድ ልብስ) ጠርዝ ሲሰፋ በጣም ጥሩ ነው። የባና ሱፍ አገጭና አንገት ይኮሰኩሳል፤ ብርዳማው የወረኢሉና የለጋምቦ ሌሊት ደግሞ እስከ ጆሮ ያስለብሳል። ልስላሴው የሚፈለገው እዚያ ላይ ነው።

10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ውሰዱ፤ ሲታጠፍ በየፊቱ 5 ሴንቲ ይሆናል። 5 ሴንቲ ስፋት ያለው ጥብጣብ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ሲታጠፍ የባናው ውፍረት ይበላውና ለስፌት የሚተርፈው ኢምንት ነው። ሳያስቆርጡ መፈተሽ ግድ ነው። ጥብጣቡን በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ሳብ አድርጉት፤ ክሮቹ ተላቀው ክፍተት ካሳዩ ስፌት አይዝም፣ ቆይቶ በመርፌው መስመር ይተለተላል። ከዚያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉበት፤ ቀይና ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ከለቀቁ ለነጭ ባና አይሆኑም።

2 ሜትር በ1.80 ለሆነ ባና ዙሪያው 7.60 ሜትር ነው፤ ለማዕዘንና ለመደረቢያ 50 ሴንቲ ሲጨመር 8.10 ይመጣል። የእኛ ምርጫ ግን የራስጌው ብቻ ነው፣ 1.90 ሜትር ይበቃል። የጎንና የግርጌው ሳቲን ከአልጋው እንጨትና ከጠፍሩ ጋር እየተፋተገ ቶሎ ይላጣል።

ስፌቱ ላይ ዋናው ነገር አስተጣጠፉ ነው። ጥብጣቡን እኩል ለሁለት አትጠፉት፤ የታችኛው ፊት ከላይኛው 3 ሚሊ ሜትር ይስፋ። ከላይ ስትሰፉ መርፌው የታችኛውን እንዳይስት የምታደርገው ይህች 3 ሚሊ ናት። እጥፋቱን ስትተኩሱ ካውያው ለብ ያለ ይሁን፣ ስስ ጨርቅም ጣል አድርጉበት፤ አብዛኛው ሳቲን ፖሊስተር ስለሆነ በጋለ ካውያ ይኮማተራል። የባናውን ዳር እስከ እጥፋቱ ድረስ አስገቡት፤ ክፍተት ከተተወ ጠርዙ ባዶ ሆኖ ይታጠፋል። ከዚያ በስስ ክር ወስውሱት፣ ማለትም በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ለጊዜው ያዙት። በስፒል አትያዙት፤ ሳቲን ላይ ቀዳዳ ትቶ ይቀራል።

መርፌው አዲስ ይሁን፤ ለባና ቁጥር 14፣ ለስስ ብርድ ልብስ ቁጥር 11። የደነዘዘ መርፌ የሳቲኑን ክር እየጎተተ መስመር ያወጣበታል። የስፌቱን እርምጃ 3 ሚሊ አድርጉት፤ የተጠቀጠቀ ስፌት ጨርቁን በስቶ በስቶ እንዲቀደድ ያደርገዋል። የእግር ስፌት መኪና ቀጥታ ብቻ ስለሚሰፋ ከጥብጣቡ ጫፍ 2 ሚሊ ገባ ብላችሁ ስፉ። ክሩ ፖሊስተር ይሁን።

በብዛት የሚበላሸው በመጨማደድ ነው። ጨርቁን የሚገፋው ጥርስ ከታች ነው፤ የታችኛው ሲሄድ የላይኛው በመኪናው እግር ተይዞ ይዘገያል፣ መጨረሻ ላይ የላይኛው ተርፎ ይታጠፋል። የእግሩን ጫና አላሉት፣ የላይኛውን ክርም አታጥብቁ። ባናው ከጠረጴዛ ወርዶ እንዳይንጠለጠልም ከጎን ወንበር አስጠጉ፤ ክብደቱ ስፌቱን ያጣምመዋል። አንዴ የተሰፋ ሳቲን ሲፈታ ቀዳዳው ስለማይጠፋ ከመጀመሪያው መጠንቀቅ ይሻላል።

ዙሪያውን የምትሰፉ ከሆነ ማዕዘኑ ላይ እስከ ባናው ዳር ሰፍታችሁ ክሩን ቁረጡ። ጥብጣቡ ወደሚቀጥለው ጎን ሲዞር ትርፉን በ45 ዲግሪ ሰያፍ እጠፉት። የፊቱ እጥፋት ወደ ቀኝ ከዞረ የጀርባው ወደ ግራ ይዙር፤ ሁለቱም በአንድ በኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ያብጣል። ሰያፉን በእጅ ዝጉት። ለማለቂያው ጫፍ 1.5 ሴንቲ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።

ጥጥ ለታጨቀበት ብርድ ልብስ ግን ሳቲን አንመክርም። ጥጡ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተሩ ባለበት ይቀራል፣ ጠርዙም ይወላገዳል። ሳቲን ካልሆነ የማይል ሰው ብርድ ልብሱን አስቀድሞ አጥቦ ያድርቅ። ከሳቲኑ የሚሻለው ግን የጥጥ አንሶላን በ7 ሴንቲ ሰያፍ ቆርጦ፣ ለሁለት አጥፎ፣ 1 ሴንቲ ገብቶ መስፋት ነው። እንደ ሳቲን አያብረቀርቅም፤ ሲታጠብ ግን ከጥጡ ጋር አብሮ ይሰበሰባል። ባናውንም ቢሆን በቀዝቃዛ ውሃ ሳታሹ እጠቡት፤ ሙቅ ውሃና ማሸት ሱፉን ያጠብበዋል፣ ያኔ የሳቲኑ ጠርዝ ይተርፋል።

ሥራውን ለልብስ ሰፊ የምትሰጡ ከሆነ ከሒሳቡ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አዲስ መርፌ ያስገባሉ? ከመስፋታቸው በፊት ይወሰውሳሉ?