ሉፕ አንቴና የሠሩልኝ የደሴው ፍሪጅ ጠጋኝ

ደሴ ውስጥ አጭር ሞገድ ለምታዳምጡ፣ በተለይ የአማተር ሬዲዮ ሰዎችን (ለሙያ ሳይሆን ለፍቅሩ በራሳቸው ሬዲዮ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን) ጨዋታ ለምትከታተሉ፣ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ፍሪጅ የሚጠግኑ ጋሼ ናቸው። ስማቸው ኢንተርኔት ላይ እንዳይወጣ ስለነገሩኝ አልጽፈውም። ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የምኖረው ተከራይቼ ነው። ግቢው ጠባብ ነው፣ ቤቱም የተጠጋጋ ነው። በ7 ሜጋኸርዝ ለማዳመጥ የተለመደውን የሽቦ አንቴና ልዘርጋ ብል 20 ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል። እሱን የምወጥርበት ቦታ ከየት ይመጣል? ጫጫታውም ሌላ ጣጣ ነው። የኤልኢዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም ሬዲዮው ላይ የየራሱን ድምፅ ይለቃል። አጭር ሽቦ በመስኮት ሳወጣ ከሰዎቹ ድምፅ ይልቅ የሚጎላው ይሄው ጫጫታ ነበር።

ለእንዲህ ዓይነት ቤት ትንሽ ሉፕ አንቴና የሚባለው ፍቱን ነው። ከመዳብ ቱቦ የሚሠራ ቀለበት ነው፤ የኔው ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ነው። የቱቦው ሁለት ጫፎች አይነካኩም። መሃላቸው ቫሪያብል ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፣ መጠኑም በማዞር የሚቀየር ዕቃ ይገባል። ከቀለበቱ ውስጥ ደግሞ የትልቁን አንድ አምስተኛ የሚሆን ሌላ ትንሽ ቀለበት አለ፤ ከሬዲዮው ጋር የሚገናኘው እሱ ነው። ካፓሲተሩን ስታዞሩ አንቴናው የፈለጋችሁት ፍሪኩዌንሲ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ውጪ ያለውን ያዳክማል። ጣቢያ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ማስተካከል አለባችሁ፤ ይሄ የማይቀር ነው። ጥቅሙ ግን ይበልጣል። ቀለበቱ በአብዛኛው የሚይዘው የሞገዱን መግነጢሳዊ ክፍል ስለሆነ ከቅርብ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይቀንሳል። ክብ ሆኖ የሚታየውን ፊቱን ወደ ጫጫታው ምንጭ ስታዞሩት ደግሞ ጫጫታው ወርዶ ትሰሙታላችሁ።

ሬዲዮ የሚጠግኑ ሱቆች ጠይቄ ነበር። አንዳንዶቹ ዲሽ ግዛ አሉኝ። ቱቦ ሳይጨፈለቅ ማጠፍና መዳብ አጥርቶ መበየድ የፍሪጅ ሰዎች የዕለት ሥራ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ሥዕሉን አሳየኋቸው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርተው አያውቁም። "አብሽር፣ መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ አስረዳኝ" አሉኝ። ቁጭ ብለው ሰሙኝ፣ ጠየቁኝ። መለካት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ብየዳው የነገርኳቸውን የያዙበት መንገድ በጣም ነው ያስደሰተኝ። የዚህ ዓይነት ትንሽ ቀለበት ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚይዘው ነገር) እጅግ አነስተኛ፣ የአንድ ኦም ክፍልፋይ ነው። አንድ የላላ ብሎን ወይም አንድ የቆሸሸ መገጣጠሚያ ብቻውን ብዙውን ጉልበት ይበላዋል። ጋሼ ይህን እንደሰሙ በብሎን እናያይዘው የሚለውን ሐሳብ ተዉት። የቱቦውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ አሹት። ከካፓሲተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሰፊ የመዳብ ቁራጭ በጋዝ እሳት በየዱት። ብየዳው ጋዝ የሚያልፍበት ይመስል ዙሪያውን አንድ በአንድ አዩት። ማንም ያላዘዛቸውን ነው ያደረጉት።

ካፓሲተሩን ከአሮጌ ሬዲዮ ነው ያወጣነው። በ1 ሜትር ቀለበት ለ7 ሜጋኸርዝ ወደ 180 ፒኮፋራድ (የካፓሲተር መለኪያ ነው)፣ ለ14 ሜጋኸርዝ ደግሞ ወደ 45 ፒኮፋራድ ይበቃል። የድሮ ሬዲዮ ካፓሲተር ሁለቱንም ይሸፍናል። እጄን ሳስጠጋ ግን የያዝኩት ጣቢያ ይሸሽ ነበር፤ ሰውነታችን ራሱ ሲጠጋ የቀለበቱን ማስተካከያ ስለሚያዛባው ነው። ተመልሼ ብነግራቸው ከኤሌክትሪክ መስመር ፕላስቲክ ቱቦ ረጅም ማዞሪያ ሠሩለት። አሁን ከራቅ ብዬ ነው የማዞረው። ለዚህኛው ሥራ ገንዘብ ልሰጣቸው ብል አሻፈረኝ አሉ። የደሴን ክረምትና ጉም ስለሚያውቁም ካፓሲተሩን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ከተውልኛል።

አንቴናው አሁን በረንዳ ላይ በእንጨት እግር ቆሟል። ቤት ውስጥ ቢሆን የቆርቆሮው ጣሪያ ብዙ ይጋርደዋል። ጦሳ ያስቸግራል ብላችሁ አትስጉ፤ አጭር ሞገድ ከላይ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ስለሚመጣ ተራራው እንደ ኤፍኤም አይከለክለውም። ቀን ቀን 14 ሜጋኸርዝ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሲመሽ ወደ 7 እወርዳለሁ። የጣሊያን ሰዎች በ"አይ" የሚጀምር መለያቸውን ሲጠሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። በጉጉት የምጠብቀው ግን የራሳችንን ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የኔ አንቴና ለመስማት ብቻ ነው። ማሰራጨት ፈቃድ ይፈልጋል፤ የሚጠየቀውም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ ዓይነት ቀለበት 100 ዋት ቢላክ ካፓሲተሩ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል። የአሮጌ ሬዲዮ ካፓሲተር ያንን አይችልም፤ እሳት ይተፋል። ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ጋሼን ለማሰራጫ ሥሩልኝ ብላችሁ እንዳታስቸግሯቸው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ጽሑፍ ያነብልዎታል ብዬ አስባለሁ። እጅዎ ይባረክ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እናንተ ደግሞ ስትሄዱ ካፓሲተሩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ያዙ፤ እሳቸው ጋ የለም። ወደ ሬዲዮው የሚሄደው ገመድ ተራ የዲሽ ገመድ ቢሆን ለመስማት ችግር የለውም። ሬዲዮአችሁ ኤስኤስቢ (አማተሮቹ ለንግግር የሚጠቀሙበትን የአላላክ ዘዴ) የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ የአማተሮቹ ንግግር አይገባችሁም። ልኩንም በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ጠዋት ይሻላል። ሱቃቸውን ለማሳየት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁም ጭምር።