ሬዲዮውን ተዉት፣ ማይኩን ቀይሩ፦ ከሲቢ ማይኮቼ ጋር አንድ ክረምትና አንድ በጋ

ዋናውን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ሲቢ (መንገድ ላይ እርስ በርስ የምንነጋገርበት የመኪና ሬዲዮ) ላይ ገንዘብ ማውጣት የሚፈልግ ትራከር አንቴናውን ካስተካከለ በኋላ ማየት ያለበት ማይኩን ነው። አዲስ ሬዲዮ አያስፈልገውም። እኔ ባለፈው ስኖው ሳይጀምር ሮድኪንግ 56 የሚባለውን ማይክ ገዝቼ ኮብራ 29 ሬዲዮዬ ላይ ሰካሁት። በረዶውን አለፈ፣ አሁን ደግሞ የአሪዞናን ሙቀት እየበላ ነው፣ እስካሁን ከቦታው አልተነሳም። ብዙ ልጆች ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልጻፈው ብዬ ነው።

«ስልክ እያለ ሲቢ ምን ይሠራል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ትራከሮች የሚያወሩበት ቻናል 19 ዝም ብሎ የሚውልባቸው መንገዶች አሉ። ግን ዋዮሚንግ ውስጥ ኢንተርስቴት 80 ላይ፣ ከላራሚ ወደ ሮሊንስ፣ ኤልክ ማውንቴን ጋ ነፋሱ ባዶ ትሬለር መገልበጥ ሲጀምር ከፊታችሁ ያለው ሰው «ግራው ሌን ተዘግቷል፣ ቀኝ ያዙ» የሚላችሁ በሲቢ ነው። አፑ እስኪያሳያችሁ ደርሳችሁበታል። ደግሞ ከ2012 ጀምሮ የንግድ መኪና የሚነዳ ሰው ስልክ በእጁ ይዞ እንዳያወራ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፣ ሲቢ ግን እዚያ ሕግ ውስጥ አልገባም። የየስቴቱን ሕግ ለብቻው እዩት።

አሁን ወደ ማይኩ። በካርቶኑ ውስጥ ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው ማይክ መጥፎ አይደለም። ቆሞ ለሚያወራ ሰው ይበቃል። ችግሩ እኛ ቆመን አናወራም። ሞተሩ አለ፣ የመስታወቱ ማሞቂያ ፋን አለ፣ መስኮት ትንሽ ከተከፈተች ነፋሱ አለ፣ ይሄ ሁሉ ከድምፃችሁ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ሮድኪንጉ ጫጫታ የሚቀንስ ዳይናሚክ ማይክ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ፊቱም ጀርባውም ላይ ቀዳዳ አለው። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ስለሚመጣ በሁለቱም በኩል እኩል ይገባና ውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ከፊትም ከኋላም ይገፋታል፣ ከሁለት ወገን እኩል ስትገፋ ደግሞ እምብዛም አትንቀሳቀስም። የእናንተ ድምፅ ግን ከቅርብ፣ ከፊት በኩል ብቻ ስለሚመታት ያልፋል። ባትሪ የለው፣ ሌላ ጣጣ የለው።

ዋጋ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው። ከንፈራችሁ ማይኩን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ማስጠጋት አለባችሁ። አንድ ስንዝር ካራቃችሁት የራሳችሁንም ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያዳክመዋል። የጀርባውን ቀዳዳ በመዳፋችሁ ከዘጋችሁት ደግሞ ተራ ማይክ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚመልሰው ለዚህ ይመስለኛል፣ እጁን አላየም። ክብደትም አለው። እኔ ወድጄዋለሁ፣ እጅ ሲገባ ዕቃ የያዝክ ይመስልሃል፣ ባለቤቴ ግን አንዴ አንስታ «ይሄ መዶሻ ነው» ብላ መልሳዋለች።

ለእኛ ለሐበሾቹ ደግሞ አንድ ለብቻው የሚነሳ ነገር አለ። አክሰንት አለን፣ እንተማመን። በድሮው ማይክ አንድ ነገር ተናግሬ ሰው «ድገመው» ሳይለኝ የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ነበር። አንዳንዱ አክሰንቴን ሰምቶ የሚያሾፍ አለ፣ ለሱ ማይክ መድኃኒት አይሆነውም። አብዛኛው ግን የምር አልሰማም። ጫጫታ መጀመሪያ የሚውጠው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው፣ ማይል ማርከሩን ስትናገር «ሰርቲን» ይሁን «ሰርቲ» ሳይለይ ይቀራል፣ አደጋው ደግሞ 13 ላይ ከሆነና ሰውየው 30 ብሎ ከሰማ መንገሩ ምን ዋጋ አለው? ማይኩን ከቀየርኩ ወዲህ «ድገመው» የሚለኝ ሰው በግልጽ ቀንሷል። ለእኔ ገንዘቡን ያወጣው ይህ ብቻ ነው።

«ፓወር ማይክስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ውስጡ ማጉያ ያለው፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚበላ ማይክ ማለት ነው። አንድ የአትላንታ ጓደኛዬ አለው፣ ትንሿን መዘውር እስከ ጥግ ከፍቶ ነው የሚያወራው፣ ሲመጣ ከሩቅ ታውቁታላችሁ። ይሰማል፣ ምን እንደሚል ግን አይሰማም! ኤፍሲሲ (የአሜሪካ የሬዲዮ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ለኤኤም፣ ለተለመደው የሲቢ አላላክ፣ የፈቀደው 4 ዋት ነው፣ ማይክ ዋት አይጨምርም። ድምፁ ሞገዱን መቶ በመቶ ከሞላው በኋላ የምትጨምሩት ሁሉ እየተቆረጠ ይንኮሻኮሻል፣ አልፎ ጎረቤት ቻናል ላይም ይረጫል። ማጉያው ደግሞ መራጭ አይደለም፣ ዋይፐሩንም ፋኑንም አብሮ ያጎላል። ካላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩና ሌላ ሰው እያዳመጠላችሁ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፣ መንኮሻኮሽ ሲጀምር መለስ። ኮብራ 29 ላይ ዳይናማይክ የምትባለው መዘውር ለዚህ ናት፣ ሬዲዮው በኩልም መቀነስ ይቻላል። ኤኮ ያለውን አትጠይቁኝ። የሰርግ ዘፋኝ ካልሆናችሁ ምን ይሠራላችኋል?

ጥገናው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትራክ ስቶፕ ውስጥ ማይክ እየጣለ አዲስ የሚገዛ ሰው ሳይ ያንገበግበኛል። ማይክ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ የሚሞተው ኬብሉ ነው፣ እሱም ወይ ማይኩ አንገት ላይ ወይ ሶኬቱ አንገት ላይ፣ መታጠፊያው ጋ። እንደ መጠባበቂያ የያዝኩት ስም የለሽ አሮጌ ማይክ አንድ ቀን ስሰካው ሬዲዮው መብራቱ በርቶ ድምፁ ጭጭ አለ። የመናገሪያ ቁልፉን ስጫን ሰዎች ይሰሙኛል፣ እኔ ግን ምንም አልሰማም። የማያውቅ ሰው ስፒከሩ ተቃጠለ ብሎ ሬዲዮውን ይፈታል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ በኮብራና በዩኒደን ባለ 4 ፒን ሬዲዮዎች ላይ መስሚያው ራሱ በማይኩ በኩል ነው የሚያልፈው። ፒን 1 መሬት ነው፣ 2 ድምፅ፣ 3 መላኪያ፣ 4 መቀበያ። ቁልፉ ሳይጫን 1 እና 4 ይገናኛሉ፣ ሲጫን 1 እና 3። የ4 ቁጥሯ ሽቦ ከተበጠሰች ሬዲዮው ይደነቁራል። ማይኩን ጨርሶ ብትነቅሉትም እንዲሁ ዝም ይላል፣ ሞክሩት።

ስለዚህ ቴስተር ያዙ፣ ድምፅ የሚያሰማውን አማራጭ። አንዱን ጫፍ 1 ላይ፣ ሌላውን 4 ላይ አድርጋችሁ ኬብሉን አንገቱ ጋ ወዲያና ወዲህ አጠፍ አጠፍ አድርጉ። የኔው ሶኬቱ አጠገብ ሳጥፈው ጢጥ ይላል፣ ሳቀናው ይጠፋል። ተገኘ ማለት ነው። ከተበጠሰበት አለፍ ብዬ ቆረጥኩትና እንደ አዲስ በየድኩት። አሁን ልብ በሉ፣ የሶኬቱን ክዳን መጀመሪያ ኬብሉ ላይ አስገቡት፣ አራቱን ሽቦ አሳምሮ በይዶ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ የሚያገኘው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ የተጠቀለለ ኬብል ውስጡ ደህና ሽቦ አይደለም፣ ክር ላይ የተጠመጠመ ስስ የመዳብ ቅጠል ነው፣ መበየጃው ስታኞ እሺ ብሎ አይዘውም፣ ቶሎም ይቃጠላል። እንደዛ ከሆነ ሙሉውን ኬብል መቀየር ይሻላል። ስትበይዱ ደግሞ ሶኬቱን ሌላ ትርፍ መሰኪያ ውስጥ ሰክታችሁ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ፒኖቹ እንዳይንሸዋረሩ። በመጨረሻ 1 ለ 4፣ ቁልፉን ተጭናችሁ 1 ለ 3፣ ከዚያ 1 ለ 2 ፈትሹ። ዳይናሚክ ማይክ ከሆነና ኤለመንቱ (ድምፅ የሚቀበለው የውስጥ ክፍሉ) ደህና ከሆነ፣ ቴስተሩን በኦም አማራጭ ስትነኩት ማይኩ ራሱ ጆሯችሁ ላይ ቀጭን «ጢቅ» የሚል ድምፅ ይሰጣችኋል። እሷን ድምፅ እወዳታለሁ።

ቁልፉ ሲጫኑት አንዴ እየሠራ አንዴ የሚያቆም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። ከፍታችሁ የስዊቹን ምላሶች በአልኮል ጥረጉ። የላላ ኬብል ደግሞ መጥረጊያ እንጨት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና እንደተጠቀለለ ይቀዝቅዝ፣ ደህና ይሰበሰባል።

መሰብሰቡን በተመለከተ፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ሰብሳቢ ሁሉ የሚጀምረው በአስታቲክ ዲ-104 ነው፣ እኔም ከዚያው ነኝ። ክሮም ራስ ያለው፣ ረጅም አንገት ላይ የቆመ፣ ቅርጹ ከረሜላ በእንጨት የሚመስል የጠረጴዛ ማይክ። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ተሠርቷል፣ አሮጌዎቹ ላይ «ኮኒየት፣ ኦሃዮ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ድምፁ ስለታም ነው፣ ከሩቅ ይሰነጥቃል። ግን ትራክ ውስጥ እንዳታስገቡት። የመጀመሪያው ኤለመንት ሮሼል ሶልት ከሚባል የጨው ክሪስታል የተሠራ ነው፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ያሟሟዋል፣ ወደ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋም ያልቅለታል። ፊኒክስ ውስጥ ጁላይ ላይ ፀሐይ ላይ ያቆማችሁት ትራክ ዳሽቦርድ ይህን ያልፋል። የኔዎቹ ቤት መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ሜይ ላይ ዜኒያ፣ ኦሃዮ በሚደረገው ሃምቬንሽን በሚባለው የአማተር ሬዲዮ ትርዒት፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያው ላይ ጠረጴዛ ሙሉ ዲ-104 ይገኛል። ስትገዙ ክሮሙ አያታላችሁ፣ እሱ ይወለወላል። መቀመጫውን ገልብጡና የባትሪ ቦታውን ክፈቱ፣ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ባትሪ ፈስሶበት ሰርኪቱ ተበልቷል። መቀመጫው ማጉያ ያለው መሆኑንም ጠይቁ፣ ክሪስታሉ ያለ ማጉያ ከዛሬዎቹ ሬዲዮዎች ጋር አይስማማም፣ ድምፁ ቀጭን ይሆንባችኋል። ሻጩ «ሲሠራ ነበር» ካለ ደግሞ አሁን አይሠራም ብላችሁ አስቡና በዚያው ሒሳብ ተደራደሩ።

ካሉኝ አንደኛው ክሪስታሉ ሞቷል። ሰው በሴራሚክ ቀይረው ይለኛል፣ ጥብቅ ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ያ ስለታም ድምፅ ይጠፋል ብለው ይቆጣሉ። እኔ ሴራሚኩን አዝዣለሁ። ሲመጣ ደህናውንና የተቀየረውን ጎን ለጎን ቀድቼ አሰማችኋለሁ፣ እናንተው ፍረዱ።